የመኪና ሞተር ደጋግሞ ሲግል፦ ምክንያቱ እንዴት ይታወቃል? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ዳር የያዙ መኪኖችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንዳንዶቹ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፤ ተሳፋሪዎች ጥላ ይፈልጋሉ። ከምጽዋ ተነስቶ በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከባሕር ጠለል እስከ 2300 ሜትር ከፍታ በሚወጣው የአስመራ መንገድም ሆነ ከጅቡቲ ወደብ ጭነው ወደ ደጋው በሚያቀኑ የጭነት መኪኖች ዘንድ ተመሳሳይ ትዕይንት ይታያል።

ሞተሩ ከቀዘቀዘና ውሃ ከተጨመረለት በኋላ ጉዞው ይቀጥላል። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። የሞተር መጋል በራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። በየማለዳው ውሃ እየጨመሩ መንዳት ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያስወግደውም። በርካሽ ዋጋ ሊለወጥ ይችል የነበረ አንድ ክዳን ወይም ጎማ ቧንቧ ችላ ሲባል፣ ቴስታታ ይጣመማል፤ ከዚያም ሙሉ ሞተር ይበላሻል። መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ለሆነለት የታክሲ ወይም የጭነት መኪና ባለቤት ደግሞ ይህ ከብልሽት በላይ ነው።

በመንገድ ላይ ሙቀቱ ሲጨምር

የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ አሽከርካሪው በቅድሚያ የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲውን) ማጥፋት አለበት። ቀጥሎ የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ንፋሱን ማብዛት ይጠቅማል። በቆላ ሐሩር ማሞቂያ መክፈት የማይመች ቢሆንም፣ ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ይህ ጊዜ መግዣ ነው፤ መፍትሔ አይደለም።

መለኪያው ቀዩ መሥመር ላይ ከደረሰ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ በመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። «እስከ ከተማው ልድረስ» እየተባለ የሚነዳባቸው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብዙ ሞተሮችን ጨርሰዋል።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ስሕተት የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ መክፈት ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ከመፍያ ነጥቡ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የቆየው በግፊት ታምቆ ስለተያዘ ነው። ክዳኑ እንደተከፈተ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ ፊትን፣ ዓይንንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ሞተራቸው ከፊት ወንበር ሥር በሆነ ሚኒባሶች ደግሞ ወንበሩን አንስቶ መክፈት በአቅራቢያው ያሉትን ተሳፋሪዎች ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎች መውረድ አለባቸው።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ (ማኒኮቶ) በእጅ ሲጫን ልል ከሆነና ካላቃጠለ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ቀስ በቀስ ማላላት ይቻላል። ውሃውም በአንድ ጊዜ አይገለበጥም። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ብረቱ በድንገት ስለሚኮማተር ሊሰነጠቅ ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ በቀስታ እየሠራ ሳለ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይሻላል።

ሞተር እንዴት ይቀዘቅዛል?

በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ሙቀት ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። የብዙ ሞተሮች ቴስታታና ፒስቶን የሚሠሩበት አልሙኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሞተሩ ሳይቀልጥ የሚሠራው ነዳጁ ከሚያመነጨው ሙቀት ሲሶ ያህሉን የማቀዝቀዣው ሥርዓት ያለማቋረጥ ስለሚወስድለት ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ፖምፓው ውሃውን በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ ባሉት ክፍተቶች ይገፋዋል። የሞቀው ውሃ በላይኛው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ንፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ በታችኛው ማኒኮቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ተዘግቶ ውሃው ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ በብዙ መኪኖች ሙቀቱ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። መኪናው ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ ነፋስ የሚስበው ቬንትሌተሩ ነው።

አንድ ሞተር ደጋግሞ የሚግለው ከአራት ነገሮች በአንዱ ምክንያት ነው፦ ውሃው ጎድሏል፣ ውሃው አይዘዋወርም፣ ራዲያተሩ ሙቀቱን አያስወጣም፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ከልክ በላይ ሙቀት ወደ ውሃው እየለቀቀ ነው። ምርመራውም በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሄዳል።

ከፍታና የትንሿ ክዳን ትልቅ ሚና

በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባና በአስመራ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ይህ ለሞተር ትልቅ ትርጉም አለው። ጤነኛ ሞተር በተለመደ ሥራው የሚደርስበት ሙቀት ከዚህ ነጥብ ጋር ተቀራራቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ልዩነቱን የሚሞላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ምንጭ ያለው ቫልቭ ነው እንጂ ተራ መክደኛ አይደለም። አንድ ባር ገደማ ተጨማሪ ግፊት በሚይዝ ክዳን ሥር ያለ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ እስከ 120 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ምንጩ የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ጥቅም ያሳጣል። ከሌላ መኪና የተወሰደ፣ ልኩ የማይገጥም ክዳን፣ ወይም ቀዳዳውን በጨርቅና በፕላስቲክ መወተፍም ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ በደጋ ከተሞች ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሞተር ውሃ ሲያፈላና ሲተፋ ከታየ፣ ክዳኑን በትክክለኛው ልክ ለውጦ ማየት ከሁሉ የሚቀድምና ርካሹ ሙከራ ነው። የደጋ አየር የሳሳ በመሆኑ ራዲያተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስወግደው ሙቀት ከቆላው ያነሰ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ሞተሩ የሚግለው መቼ ነው?

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

በትራፊክ መጨናነቅ ወይም ቆሞ ሲጠብቅ የሚግል፣ መንገድ ሲከፈትለት ግን የሚቀዘቅዝ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ቬንትሌተሩ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦው፣ የሙቀት ሴንሰሩና ሞተሪኖው በቅደም ተከተል ይታያሉ። በብዙ መኪኖች ኤሲ ሲከፈት ቬንትሌተሩ አብሮ ስለሚነሳ፣ በዚህ መንገድ መሥራቱን ማረጋገጥ ይቻላል። በፒክአፕና በጭነት መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው በቺንጋ የሚዞረው ቬንትሌተር ደግሞ መሐሉ ላይ ዘይት ያለው ማያያዣ አለው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩ በእጅ ሲዞር እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ማያያዣው ደክሟል። ሙከራው የሚደረገው ግን ቁልፉ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ሞተር ጠፍቶም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅ ወደ እሱ መጠጋት የለበትም።

በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ሲወጣ፣ ሲጫን ወይም በፍጥነት ሲሄድ የሚግል መኪና በቂ ውሃ አይዘዋወርለትም ወይም ራዲያተሩ አቅም አጥቷል። የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገትና በአለት መሰል ቅራሪ መደፈን፣ የፊት ገጹ በአቧራ፣ በጭቃና በነፍሳት መሸፈን፣ የፖምፓው ምላሶች መበላት፣ የቴርሞስታት በከፊል ብቻ መከፈት፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ ደክሞ በመምጠጥ ብዛት መጣበቅ ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው።

ከተነሳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚግል ሞተር ደግሞ ወይ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይ ውሃ የለውም፣ ወይ አየር ታግቶበታል፣ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ አሳልፏል። መለኪያው ከፍ ብሎ ሳለ የላይኛው ማኒኮቶ እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ቴርሞስታቱ ላይ ያርፋል።

መለኪያው ራሱ ሊዋሽ እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃው በሙሉ ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ ባዶ አየር ውስጥ ስለሚቀር መርፌው በድንገት ወደ «ቀዝቃዛ» ሊወርድ ይችላል። ማሞቂያው ሲከፈት ቀዝቃዛ ንፋስ የሚሰጥ ከሆነና የጋለ ብረት ሽታ ከተሰማ፣ የመርፌው መውረድ እፎይታ ሳይሆን የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

የማቀዝቀዣው ሥርዓት ዝግ ነው። ውሃ በየሳምንቱ የሚጎድለው ከሆነ የሚወጣበት ቦታ አለ። ጠዋት መኪናው ካደረበት ቦታ ሥር የሚታይ እርጥበት፣ በማኒኮቶ ማሰሪያዎች ዙሪያ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅራሪ፣ ከፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ጠብታ ቦታውን ይጠቁማሉ። ፖምፓው ላይ ያለችው ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ ከእርሷ ውሃ ከወጣ የውስጥ ማተሚያው አልቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ፖምፓውን መለወጥ እንጂ ቀዳዳዋን መድፈን አይደለም። ከፊት ተሳፋሪ እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ በጣፋጭ ሽታ ጉም ከለበሰ፣ የሚያፈሰው የካቢን ማሞቂያው ነው።

በዓይን የማይገኝ ፍሳሽ በግፊት መሞከሪያ ይፈለጋል። መሣሪያው በክዳኑ ቦታ ይገጠምና በእጅ ፓምፕ ክዳኑ የሚይዘውን ያህል ግፊት ይሰጣል። መርፌው ሳይወርድ ከቆየ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው፤ ከወረደ ፍሳሹ በውጭ አልያም በሞተሩ ውስጥ ነው።

ቴርሞስታትን በድስት መፈተን

ቴርሞስታት በቤት ውስጥ ሊፈተን ይችላል። ፈትቶ በክር አንጠልጥሎ፣ ለምግብ በማያገለግል ድስት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 82 ወይም 88፣ መከፈት የሚጀምርበትን ሙቀት ያመለክታል። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ግን ከዚያ ከ10 ዲግሪ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ሊፈልግ ይችላል። ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት የደጋ ከተማ 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት በድስት ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ተብሎ መጣል የለበትም። ጨርሶ ካልተከፈተ፣ ወይም በቀዝቃዛ ሁኔታ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ግን መለወጥ አለበት።

በአካባቢው በሰፊው የሚዘወተረው «አገሩ ሞቃት ነው፤ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው ብልሃት ግን ጉዳት አለው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር በደጋና በማለዳ ብርድ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ነዳጅ ይበላል፤ የውስጥ አካላቱም ቶሎ ያልቃሉ። ይባስ ብሎ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋው ራሱ ነው። ከቦታው ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ መጋሉ ይብሳል።

የተደፈነ ራዲያተር

የውጭውን ገጽ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀላል ግፊት ውሃ ማጠብ ቀላሉ ሥራ ነው። ኃይለኛ ግፊት ግን ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል የሚጠራቀመው አቧራና ጭድ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል።

የውስጡ መደፈን በሙቀት መለኪያ መሣሪያ ይለያል። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የራዲያተሩ ገጽ ሲለካ፣ ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው በሥርዓት እየቀነሰ መሄድ አለበት። በመሐሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች ካሉ ውሃ አያልፍባቸውም። የቆዩ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች ተፈትተው፣ ተጠርገውና ተበይደው ዳግም ያገለግላሉ። የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው የአልሙኒየም ራዲያተሮች ግን አንዴ ከተሰነጠቁ መለወጣቸው ይመረጣል።

ፍሳሽ ይደፍናሉ በሚል እንቁላል፣ ዱቄት ወይም የማሸጊያ ፈሳሽ መጨመር ለአንድ ቀን መንገድ ሊያሻግር ይችላል። ነገር ግን ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ጤነኞቹን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ የሚፈራው ውጤት

ቴስታታንና የሞተሩን አካል የሚያያይዘው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው፣ ውሃውም ወደ ሲሊንደሩ ወይም ወደ ዘይቱ ያልፋል። ይህ ለሞተር መጋል ምክንያትም ውጤትም ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ በውጭ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ መጉደል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ከተነሳ ሳይቆይ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ መጠንከር፣ በራዲያተሩ አፍ የማያቋርጥ የአየር አረፋ መታየት፣ እንዲሁም የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ፈሳሽ መገኘት። አንዱ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አጭር ርቀት ብቻ በሚነዳ መኪና የዘይት መሙያ ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ ከተራ እርጥበትም ሊመጣ ይችላል። ለማረጋገጥ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ጥገናው ጓርኒሲዮኑን በመለወጥ ብቻ አይጠናቀቅም። ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይፈተሻል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይስተካከላል፤ ስንጥቅ እንደሌለውም ይመረመራል። ብሎኖቹ በፋብሪካው ቅደም ተከተልና የጥብቀት ልክ መታሰር አለባቸው። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ብሎን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ከሁሉም በላይ መጀመሪያ ያጋለው ምክንያት ሳይገኝ የሚገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን ዕድሜው አጭር ነው።

ውሃ ወይስ ኩላንት?

ንጹሕ ውሃ ሙቀትን በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል። ታዲያ ኩላንት ለምን ያስፈልጋል? ዋናው ጥቅሙ ብርድን መከላከል ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉት ጸረ ዝገት ንጥረ ነገሮች ብረቱን፣ አልሙኒየሙንና የፖምፓውን ማተሚያ ይጠብቃሉ። እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የመፍያ ነጥቡን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርገዋል።

የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ በውስጡ የሚገኘው ማዕድን ሲሞቅ በጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅራሪ በሞተሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። በዚህ ምክንያት ኩላንት የሚበረዘው በተጣራ ውሃ መሆን አለበት። የኩላንት ቀለም ዓይነቱን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገልጽም። የተለያዩ ዓይነቶች ሲደባለቁ ሊረጉ ስለሚችሉ በመኪናው መመሪያ የተጠቀሰውን መከተል ይሻላል። የተለመደው ኩላንት በየሁለት ዓመቱ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ደግሞ በአምስት ዓመት ገደማ ይለወጣል።

ኩላንት መርዝ መሆኑም መረሳት የለበትም። በብዙዎቹ የሚገኘው ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ በጥቂቱ ቢጠጣም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ይገድላልም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ወይም ሕፃናትና እንስሳት በሚደርሱበት መሬት ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው። የጠጣ ሰው ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ከጥገና በኋላ

ብዙ ሰዎች «ተሠርቶም ጋለ» የሚሉት በሥርዓቱ ውስጥ በታገተ አየር ምክንያት ነው። ውሃው ሲሞላ የመኪናው አፍንጫ በኩል ከፍ ብሎ ቢቆም፣ ማሞቂያው ተከፍቶ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት በቀስታ ቢሠራና አረፋው እስኪያቆም እየተሞላ ቢቆይ ይመረጣል። የአየር ማስወጫ ብሎን ያላቸው ሞተሮች በእርሱ በኩል ይተነፍሳሉ። በቀጣዮቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃውን ልክ ማየት ጥገናው መያዙን ያረጋግጣል።

የኤሌክትሪክ መኪኖችስ?

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ውሳኔው በመንገድ ላይ ያሉትን የነዳጅ መኪኖች ለበለጠ ዘመን በጥንቃቄ መያዝን ያስገድዳል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከሙቀት ነጻ አይደሉም። ቴስታታና ጓርኒሲዮን ባይኖራቸውም፣ በብዙዎቹ ባትሪው፣ ሞተሩና የኃይል መቆጣጠሪያው በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ። ፖምፓ፣ ራዲያተርና ቬንትሌተር አላቸው። የአንዳንዶቹ ባትሪ ኤሌክትሪክን እምብዛም የማያስተላልፍ ልዩ ኩላንት ስለሚፈልግ፣ በዘፈቀደ ውሃ መጨመር ከነዳጅ መኪናው ይልቅ የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በየትኛውም መኪና ግን ዋናው መርሕ አንድ ነው። የውሃው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ሞተር ሲታይ፣ ማኒኮቶና ቺንጋ ከረጅም ጉዞ በፊት ሲፈተሹ፣ መለኪያው ከወትሮው በጥቂቱ ከፍ ሲል «ምን ጎደለው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ችግሩ ከራዲያተር ክዳን ሳያልፍ ይቀራል። ያ ጥያቄ ሲዘገይ ነው ጉዳዩ ቶርኖ ቤት የሚደርሰው።